ትንሽ፣ ነገር ግን ምሉዕ
ለትምህርት የሚሆን አነስተኛ ኮምፓይለር ስለ መሥራት በሸይኽ ዛይድ ከተማ የተነገረ ዲስኩር



በመካከላችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የግብዣው ደብዳቤ ከእናንተ መካከል የኮምፒዩተርን ትምህርት የሚከታተሉ ወጣቶች መብዛታቸውን ገልጾ፣ ለእነርሱ የሚጠቅም፣ ወላጆችም ሊከታተሉት የሚችሉት አንድ ጉዳይ መርጬ እንዳቀርብ ያሳስባል። እኔም ካወጣሁና ካወረድሁ በኋላ የመረጥሁት ርእስ፣ ለትምህርት የሚሆን አነስተኛ ኮምፓይለር ስለ መሥራት የሚናገር ነው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት፣ ትንሽም ቢሆን አንድን መሣሪያ ከፊደሉ እስከ ፍጻሜው ራሱ ሠርቶ ያወቀ ተማሪ፣ ከዚያ በኋላ የሚገጥሙትን ታላላቅ መሣሪያዎች ሳይፈራ ለመመርመር፣ ጉድለታቸውንም ለማረም፣ ለአገሩም ልሳን እንዲስማሙ አድርጎ ለማበጀት ድፍረት የሚያገኝ በመሆኑ ነው። ይህን አሳብ በንግግሬ ውስጥ «ትንሽ፣ ነገር ግን ምሉዕ» እያልሁ ደጋግሜ እጠራዋለሁ፤ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ይዛችሁልኝ እንድትወጡ የምሻውም ይህንኑ ነው።

ንግግሬን በአራት ክፍል ከፍዬዋለሁ። በመጀመሪያ ኮምፓይለር ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደ ተገኘ፤ በሁለተኛ ደረጃ በውስጡ ምን ምን ሥራ እንደሚከናወን፤ በሦስተኛ ደረጃ የራሳችን ፊደልና ሰዋስው ለዚህ ሥራ የሚያመጡት ጥያቄ ምን እንደ ሆነ፤ በመጨረሻም ሥራውን ከየት መጀመር እንደሚገባ እናገራለሁ። የማነሣቸው ዓመታት፣ በመጨረሻ የማቀርበው የባሕረ ሐሳብ ማለትም የዘመን ቀመር ምሳሌ ሲቀር፣ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ተሰበሰብንበት ስፍራ ጥቂት ልበል። ይህ ከተማ በ1995 ከጊዛ በስተ ምዕራብ ባለው በረሃ ላይ የተቆረቆረና ለግንባታው ከአቡ ዳቢ በመጣው እርዳታ ምክንያት በሸይኽ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ናህያን ስም የተሰየመ ወጣት ከተማ ነው። በ2006 የተመሠረተው የናይል ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተርን ሳይንስ የሚያስተምረው በዚሁ ነው፤ በኖቤል ተሸላሚው በአሕመድ ዘዌል ስም የሚጠራው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ከተማ በጎረቤታችን በስድስት ኦክቶበር ከተማ ይገኛል፤ ወደ እስክንድርያ በሚወስደው የበረሃ ጎዳና ዳርም ስማርት ቪሌጅ የተባለው የሶፍትዌርና የመገናኛ ኩባንያዎች መንደር ተሠርቷል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የሚኖር ተማሪ የዘመኑ ጥበብ ሲሠራ በዓይኑ የሚያይ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ከዚህች ምድር ወደ አገራችን የሄደው ዕውቀት ለብዙ ዘመን በትርጉም የሄደ መሆኑን አንርሳ። በ14ኛው መቶ ዓመት ከግብጽ የተላኩልን ጳጳስ አቡነ ሰላማ፣ በዘመናቸው ብዙ መጻሕፍት ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ስለ ተመለሱ «መተርጉም» ተብለው ይጠራሉ። የፍትሐ ነገሥታችንም መሠረት በ13ኛው መቶ ዓመት ግብጻዊው ሊቅ አስ ሳፊ ኢብን አል ዐሳል በዐረብኛ ያዘጋጀው የሕግ መጽሐፍ ነው። ዛሬ የምንነጋገርበትም ነገር የትርጉም ሥራ ነው፤ ልዩነቱ፣ ተርጓሚው ሰው መሆኑ ቀርቶ ሰው የሠራው ፕሮግራም መሆኑ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክፍል እንለፍ። ኮምፓይለር ምንድር ነው?

የኮምፒዩተር ፕሮሰሰር የሚያውቀው ልሳን እጅግ ጠባብ ነው። ቁጥርን ከአንድ ስፍራ ማንሣት፣ በሌላ ስፍራ ማኖር፣ ሁለት ቁጥሮችን መደመር ወይም ማወዳደር፣ ከዚያም በውጤቱ መሠረት ወደ ሌላ ትእዛዝ መዝለል፣ ከዚህ ብዙም የራቀ ነገር አያውቅም፤ ይህንንም ቢሆን የሚቀበለው በ0ና በ1 ብቻ ተጽፎ ሲቀርብለት ነው። ኮምፓይለር ማለት፣ ሰው ሊያነበውና ሊጽፈው በሚችል ቋንቋ የተደረሰውን ፕሮግራም ተቀብሎ፣ ትርጉሙን ሳያዛባ፣ ወደዚያ ጠባብ ልሳን የሚመልስ ፕሮግራም ነው። በስልካችሁ የምትከፍቱት መልእክት መላኪያ፣ በባንክ ቤት ሒሳባችሁን የሚይዘው ሥርዓት፣ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጠው መሣሪያ ሁሉ፣ አንድ ጊዜ በሰው እጅ እንደ ጽሑፍ ተጽፎ በእንዲህ ያለ ተርጓሚ ወይም በዘመዱ በኩል ያለፈ ነው።

ይህ አሳብ ሲጀመር የማይቻል ይመስል ነበር። በ1952 አሜሪካዊቱ የሒሳብ ሊቅ ግሬስ ሆፐር ኤ-ዜሮ የተባለውን የመጀመሪያ ኮምፓይለሯን ባቀረበች ጊዜ፣ ኮምፒዩተር ሒሳብ ከመሥራት አልፎ ፕሮግራም ሊያዘጋጅ ይችላል ብሎ የሚያምን ሰው ጥቂት ነበር። በ1957 በጆን ባከስ የሚመራው የአይ ቢ ኤም ጓድ ፎርትራን የተባለውን ቋንቋ ከኮምፓይለሩ ጋር አወጣ፤ ድካሙ አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው 18 ዓመት የሚፈጅበት ያህል ሥራ እንደ ነበረ የትምህርቱ መጻሕፍት ይመሰክራሉ። ዛሬ ግን በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች አነስተኛ ኮምፓይለር በአንድ የትምህርት ወቅት ሠርተው ያስረክባሉ። ለ18 ዓመት የሚበቃ ድካም ወደ ጥቂት ወራት የወረደበት ምክንያት ምንድር ነው? የመሣሪያዎች መፍጠን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዋናው ምክንያት ሰዎች የቋንቋን ሥርዓት በጥራት ጽፎ ማስቀመጥን መማራቸው ነው። አልጎል 60 የተባለው ቋንቋ በወጣ ጊዜ፣ ባከስና ዴንማርካዊው ፒተር ናውር የቋንቋውን ሰዋስው በአጭር ደንብ ጽፈው የሚያሳዩበትን ዘዴ ሰጡ፤ ሰዋስው በደንብ ከተጻፈ ደግሞ ከደንቡ ወደ ፕሮግራም መሄድ ቀና ሥራ ሆነ።

ለትምህርት የሚሆነውን ትንሽ ኮምፓይለር በተመለከተ ከሁሉ በላይ ልናመሰግነው የሚገባን ሰው የስዊዘርላንዱ መምህር ኒክላውስ ቪርት ነው። ፓስካል የተባለውን ቋንቋ የፈጠረው ይህ ሰው በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ፒ ኤል ዜሮ የምትባል ትንሽ ቋንቋ ሠርቶ፣ የኮምፓይለሯን ሙሉ ጽሑፍ ለአንባቢ ገልጦ አሳየ። ቋንቋዋ ከሙሉ ቁጥር በቀር ሌላ ዓይነት ነገር አታውቅም፤ «ይህ ቢሆን ያን አድርግ» የሚል ትእዛዝ፣ «ይህ እስካለ ድረስ ያን ደጋግም» የሚል ትእዛዝ፣ ስም የተሰጠው ንኡስ ፕሮግራም፣ ከዚህም ጋር አራቱ የሒሳብ ሥራዎች አሏት፤ በዚያው ግን ተማሪ አንድ ኮምፓይለር የሚያልፍበትን ደረጃ ሁሉ ያይባታል። ትንሽ፣ ነገር ግን ምሉዕ ያልሁት ይህን ነው።

ወደ ሁለተኛው ክፍል እንለፍ፤ በኮምፓይለር ውስጥ ምን ይከናወናል?

በቄስ ትምህርት ቤት ወይም በቁርኣን ቤት ያለፈ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ልጅ አስቀድሞ ፊደልን ይለያል፤ ቀጥሎ ፊደላቱን አያይዞ ቃል እያደረገ ያነባል፤ ከዚያ በሰዋስው ቃል ከቃል እንዴት እንደሚተሳሰር ይማራል፤ በመጨረሻም ወደ ትርጓሜ ይገባል። ኮምፓይለርም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ደረጃ የሚሠራው የቀደመው ባስረከበው ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ወስጄ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ላሳያችሁ። አንዲት እኅታችን ከሥራ ስትመለስ ለመኪና 20 ፓውንድ ከፈለች፤ ከገበያም ኪሎው 15 ፓውንድ የሆነ ቲማቲም 3 ኪሎ ገዛች እንበል። በትንሿ ቋንቋችን እንዲህ ይጻፋል፦

ሂሳብ = 20 + 3 × 15።

የመጀመሪያው ክፍል ሌክሰር ይባላል። ሌክሰር ጽሑፉን ፊደል በፊደል እየተመለከተ ወደ ቃላት ይከፍለዋል፤ «ሂሳብ» ስም ነው፣ «=» የማኖሪያ ምልክት ነው፣ 20 ቁጥር ነው፣ «+» የመደመሪያ ምልክት ነው እያለ፣ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ይሄዳል። እያንዳንዱ የተለየ ቃል ቶክን ይባላል። ሌክሰር ስለ ትርጉም አይጠይቅም፤ ቃሉ ከየት ተጀምሮ የት እንዳለቀ ማወቅ ብቻ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ክፍል ፓርሰር ነው፤ ሰዋስውን የሚመለከተው እርሱ ነው። ከላይ ያለውን ሒሳብ አንድ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ዝም ብሎ ቢሠራው 20ና 3 ተደምረው 23 ይሆናሉ፤ በ15 ሲባዙም 345 ይወጣል። እኅታችን የከፈለችው ግን 65 ነው፤ ማባዛት ከመደመር ይቀድማልና። ፓርሰር ይህን ቅደም ተከተል እንዴት ያውቃል? በሦስት አጫጭር ደንቦች ነው። ድምር ማለት በ«+» የተያያዙ ብዜቶች ናቸው፤ ብዜት ማለት በ«×» የተያያዙ አሃዶች ናቸው፤ አሃድ ማለት ቁጥር ነው፣ ወይም ስም ነው፣ ወይም በቅንፍ የተከበበ ድምር ነው። ልብ በሉ፤ ሦስተኛው ደንብ ወደ መጀመሪያው ስለሚመልስ፣ ሦስት ደንብ ብቻ ይዘን ወሰን የሌለው የሒሳብ ዓረፍተ ነገር እናነባለን። ከዚህም በላይ፣ ድምር ብዜትን ስለሚጠራ፣ ማባዛቱ ሳይፈጸም መደመሩ ሊፈጸም አይችልም። ተማሪው ለእያንዳንዱ ደንብ አንድ ንኡስ ፕሮግራም ይጽፋል፤ ንኡስ ፕሮግራሞቹም እርስ በርሳቸው እየተጠራሩ ጽሑፉን ያነባሉ። ሰዋስው ወደ ሥራ ሲለወጥ በዓይን የሚታይበት ስፍራ ይህ ነው፤ በማስተምርበት ጊዜ ሁሉ የተማሪ ፊት የሚበራው እዚህ ላይ ስለ ሆነ፣ እናንተም በዚህ ክፍል እንዳትቸኩሉ እለምናችኋለሁ።

ሦስተኛው ክፍል ትርጉምን የሚመረምረው ነው። በሰዋስው የቀና ዓረፍተ ነገር ሁሉ ትርጉም የለውም፤ ከዚህ ቀደም ያልተሰየመ ስም ተጠርቶ እንደ ሆነ፣ ቁጥር በሚጠበቅበት ስፍራ ሌላ ነገር ገብቶ እንደ ሆነ ይህ ክፍል የተሰየሙት ስሞች ሁሉ በሚጻፉበት የስም መዝገብ እያመሳከረ ይለያል።

አራተኛው ክፍል ትእዛዝ የሚያወጣው ነው። ቪርት ለፒ ኤል ዜሮ ያሰበው ማሽን ስምንት ትእዛዛት ብቻ ነበሩት፤ ቁጥር አቅርብ፣ የስምን ዋጋ አቅርብ፣ አኑር፣ ሒሳብ ሥራ፣ ንኡስ ፕሮግራም ጥራ፣ ስፍራ አዘጋጅ፣ ዝለል፣ ሐሰት ከሆነ ዝለል የሚሉ ናቸው። ማሽኑ ቁጥሮቹን በአንድ ቁልል ላይ ይደራርባል። የእኅታችን ሒሳብ ወደዚህ ማሽን ሲመለስ እንዲህ ይላል፤ 20ን አቅርብ፤ 3ን አቅርብ፤ 15ን አቅርብ፤ አባዛ፤ ደምር፤ በሂሳብ አኑር። «አባዛ» ሲባል ከቁልሉ ላይ 15ና 3 ተነሥተው 45 ይተካል፤ «ደምር» ሲባል 45ና 20 ተነሥተው 65 ይተካል፤ በመጨረሻም 65 «ሂሳብ» በተባለው ስፍራ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በቋንቋችን ግስ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋ ነው፤ «ሦስትን በዐሥራ አምስት አባዛ» እንላለን እንጂ «አባዛ ሦስትን» ብለን አንጀምርም። ነገሮቹ ይቀድማሉ፣ ሥራው ይከተላል። የቁልል ማሽን ትእዛዝም ይኸው ሥርዓት ያለው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ልጅ ሲጀምር እንግዳ የሚሆንበት የአሠራር ቅደም ተከተል፣ ለእኛ ልጅ የዕለት ንግግሩ ነው፤ መምህሩ ይህን ካሳየው፣ ትምህርቱን ከራሱ አፍ ያገኘዋል።

ወደ ሦስተኛው ክፍል ደርሰናል፤ ይኸውም የራሳችን ፊደልና ሰዋስው ለኮምፓይለር ሥራ የሚያመጡት ጥያቄ ነው።

ግሬስ ሆፐር በኋላ ዘመን እንደ ተረከችው፣ ለአለቆቿ በእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፍ ፕሮግራም ካሳየች በኋላ፣ ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት ብታሳያቸው ደነገጡ፤ በአሜሪካ የተሠራ ኮምፒዩተር ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ሊያውቅ እንደማይችል ነገሯት። ለማሽኑ ግን ሁሉም ቃል እኩል ምልክት ነው። እዚህ የምትኖሩ ወገኖቼ እንደምትረዱት፣ ዐረቦችም ይህን አስተውለዋል፤ በ1980ዎቹ ሰኽር በተባሉት ኮምፒዩተሮች ላይ ቤይሲክ የተባለው ቋንቋ በዐረብኛ ቃላት ለልጆች ቀረበ፤ በ2012ም ራምሲ ናስር የተባለ ባለሙያ «ቀልብ» የተባለ፣ ሁለመናው በዐረብኛ ፊደል የሚጻፍ ቋንቋ ሠርቶ፣ ዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች የላቲንን ፊደል ብቻ እየጠበቁ ምን ያህል እንደሚያስቸግሩ በሥራ አሳየ።

የእኛ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 በተባለው የፊደላት መዝገብ ውስጥ ስለ ገባ፣ ዛሬ እያንዳንዱ ፊደላችን በዓለም ሁሉ የታወቀ ቁጥር አለው፤ «ሀ» 4608 ነው፤ አራት ነጥባችን «።» 4962 ነው። ስለዚህ ማንም ተማሪ ፊደላችንን የሚያነብ ሌክሰር ዛሬውኑ ሊጽፍ ይችላል። ሊጽፍ ሲነሣ ግን ሌላ ሕዝብ ያልመለሰልን፣ ሊመልስልንም የማይችል አራት ጥያቄ ይገጥመዋል።

አንደኛው የሞክሼ ፊደላት ጥያቄ ነው። «ሀ» 4608፣ «ሐ» 4624፣ «ኀ» 4736 ናቸው፤ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሲሆን ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ልጅ በመጀመሪያው መስመር «ሂሳብ» ብሎ ሰይሞ በዐሥረኛው መስመር «ሒሳብ» ብሎ ቢጠራ፣ ኮምፓይለሩ «እንዲህ ያለ ስም አላውቅም» ይለዋል፤ ልጁም የት እንደ ተሳሳተ አያገኘውም። ሌክሰሩ ሞክሼዎቹን አንድ አድርጎ እንዲያይ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ሌላ መሆኑን የሚያውቅ ሊቅ ይህን ይቃወም ይሆናል። የእኔ አሳብ፣ ለልጆች መማሪያ በሆነ ቋንቋ ሞክሼዎቹ ለማመሳከር ያህል አንድ ሆነው ቢታዩ፣ ተማሪው የጻፈው ጽሑፍ ግን እንደ ጻፈው ቢጠበቅለት ይሻላል የሚል ነው።

ሁለተኛው የግዕዝ ቁጥር ጥያቄ ነው። ቁጥሮቻችን ከግሪክ ፊደላት የመነጩ ስለ ሆኑ እንደ ዐረብኛው ቁጥር በስፍራቸው ዋጋቸው አይለወጥም። ፲፱፻፷፮ን የሚያነብ ሌክሰር ዐሥርና ዘጠኝን ደምሮ 19 ይላል፤ «፻» ሲገጥመው በመቶ አባዝቶ 1900 ያደርገዋል፤ ከዚያ 60ና 6ን ጨምሮ 1966 ይላል። «፻» ብቻውን ሲቆም ከፊቱ አንድ እንዳለ ይቈጠራል፤ «፼» ሲመጣ እስከዚያ የተጠራቀመው ሁሉ በዐሥር ሺሕ ይባዛል። ለዜሮ ምልክት ስለሌለም፣ በግዕዝ ቁጥር ለሚጽፍ ተማሪ «አልቦ» የሚለውን የባሕረ ሐሳብ ቃል ማስገባት ተገቢ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ቃል ከቃል የመለየት ጥያቄ ነው። በአማርኛ መስተዋድድ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይጻፋል፤ «ከዋጋ ቀንስ» ስንል ግን «ከ» በሥራዋ የብቻዋ ቃል ናት። እንግዲያውስ ሌክሰራችን በ«ከ» የሚጀምርን ቃል ሁሉ ለሁለት ይክፈል ብንል፣ «ከበደ» የሚለውን ስም «ከ» እና «በደ» ብሎ ይሰነጥቀዋል። አንዱ መፍትሔ አስቀድሞ በስም መዝገቡ መመልከት ነው፤ ሌላው መስተዋድዱን ከስሙ በክፍተት ለይቶ መጻፍን መደንገግ ነው። የመጀመሪያው ለጸሐፊው ይቀለዋል፣ ለኮምፓይለሩ ሠሪ ይከብደዋል፤ ሁለተኛው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ለጀማሪ ሁለተኛውን እመክራለሁ፤ ደንቡ ግልጽ በሆነ መጠን ልጅ ፈጥኖ ይይዘዋልና።

አራተኛው የስሕተት መልእክት ጥያቄ ነው፤ እኔ ከሁሉ የበለጠ የምጨነቀው ለዚህ ነው። ጀማሪ ከኮምፓይለር ጋር የሚነጋገረው በአብዛኛው በተሳሳተ ጊዜ ነው። መልእክቱ በማያውቀው ልሳን፣ በቁጣ ቃልና በደፈናው ቢመጣበት፣ ብዙ ልጅ «ይህ ትምህርት ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ይተወዋል። «በ4ኛው መስመር መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ጎድሏል» ወይም «ዋጋ የሚል ስም እስካሁን አልተሰየመም፤ ዋጋው ለማለት አስበህ ይሆን?» ብሎ በአማርኛ የሚመልስ ኮምፓይለር ግን አስተማሪ ሆነ ማለት ነው። ይህን የሚያህል ሥራ ለመሥራት ታላቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ለተማሪ ማሰብ ብቻ ይበቃል።

አሁን የመጨረሻው ክፍል ላይ ነን፤ ከየት እንጀምር?

ምክሬ ከመጨረሻው እንድትጀምሩ ነው። አስቀድማችሁ ስምንቱን ትእዛዝ የሚፈጽመውን የቁልል ማሽን በፓይተን ወይም በምታውቁት በሌላ ቋንቋ ጻፉ፤ ትእዛዞቹንም በእጃችሁ እየጻፋችሁ አሠሩት። ይህ ሲፈጸም ቁጥርና ምልክት ብቻ የሚያነብ ሌክሰርና ፓርሰር ጨምሩ፤ እነሆ የሒሳብ ማሽን ተሠራ። ከዚያ ስምን አስገቡ፤ ከዚያ «ቢሆን»ንና «እስካለ ድረስ»ን፤ በመጨረሻ ንኡስ ፕሮግራምን። በየደረጃው በእጃችሁ ያለው ነገር የሚሠራና የሚታይ ይሁን። ሁሉን በአንድ ጊዜ አቅዶ አንዱንም ሳይፈጽም የሚቀር ብዙ ነው፤ በየደረጃው ትንሽ፣ ነገር ግን ምሉዕ የሆነ ሥራ የሚያስረክብ ግን ይደርሳል።

ሥራችሁን የምትፈትኑበት ፕሮግራም ሁላችሁም የምታውቁት ቢሆን መልካም ነው፤ እኔ ባሕረ ሐሳብን አቀርብላችኋለሁ። ይህ የዘመን ቀመር በአበው ትውፊት ከዚሁ ከግብጽ፣ ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከድሜጥሮስ የተገኘ ነው ይባላል፤ ከአራቱ የሒሳብ ሥራዎችና ከማወዳደር በቀር ሌላ የሚሻው ነገር የለም። በ2017 ዓመተ ምሕረት እንሞክረው። 5500 ሲጨመርበት 7517 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋልና ዘመኑ ማቴዎስ ነው። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ ከዚህ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 1 አበቅቴ ነው፤ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 29 መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ይሆናሉ፤ ስለዚህ የኮምፓይለራችሁን ትክክለኛነት የሚመሰክር ሥርዓት አባቶቻችን አስቀድመው በቀመሩ ውስጥ አኑረውላችኋል። ወንበሩ አልቦ በሆነበት ዓመት አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ 30 ነው፤ ፕሮግራማችሁ ይህንንም በ«ቢሆን» ለይቶ ካወቀ፣ ቋንቋችሁ ለቁም ነገር የበቃ ሆኗል።

እዚህ ላይ በብዙ ሰው አፍ የሚነሡ ሁለት መቃወሚያዎችን ልመልስ። የመጀመሪያው፣ «ከ1987 ጀምሮ ጂ ሲ ሲ፣ ከዚያም በኋላ ኤል ኤል ቪ ኤም የተባሉ ታላላቅ ኮምፓይለሮች በነጻ እያሉ ሌላ ስለምን እንሠራለን?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ትንሹ ኮምፓይለር ከእነዚያ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን የእነርሱ ጽሑፍ በሚሊዮን በሚቈጠር መስመር የተጻፈ ስለ ሆነ፣ ጥቂት መቶ መስመር ያለውን ትንሽ ኮምፓይለር ሠርቶ ያላለፈ ሰው ከየት እንደሚገባበት አያውቅም፤ ሠርቶ ያለፈ ግን በዚያ ውስጥ ሌክሰሩን፣ ፓርሰሩን፣ ትእዛዝ አውጪውን በቦታቸው ያገኛቸዋል። የአማርኛን ፊደል በሚገባ የማይዝ መሣሪያ ሲገጥመንም፣ አርመን ለዓለም የምናቀርበው እንዲህ ያሉት ሰዎች ሲኖሩን ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ፣ «ሥራ የሚገኘው በእንግሊዝኛ በተጻፉ ቋንቋዎች ስለ ሆነ በአማርኛ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው» የሚል ነው። ልጆቻችሁ ፓይተንንና ጃቫን መማር ይገባቸዋል፤ ይህን አልከራከርም። ነገር ግን «ይህ እስካለ ድረስ ደጋግም» የሚለውን አሳብ በእናቱ ልሳን አንድ ጊዜ የተረዳ ልጅ፣ በእንግሊዝኛ ሲያገኘው የሚማረው ቃሉን ብቻ ነው፤ አሳቡንና ቃሉን በአንድ ጊዜ እንዲሸከም የተገደደ ልጅ ግን ሁለቱንም ይጥላል። በአማርኛ የሚጀመረው ትምህርት ወደ ዓለም የሚወስደውን መንገድ የሚያሳጥር እንጂ የሚዘጋ አይደለም።

ክቡራትና ክቡራን፤ ያልሁትን በአጭሩ ልሰብስብ። ኮምፓይለር የሰውን ጽሑፍ ወደ ማሽን ልሳን የሚመልስ ተርጓሚ ነው፤ ሥራውም በቃል መለየት፣ በሰዋስው፣ በትርጉም ምርመራና በትእዛዝ ማውጣት ይፈጸማል፤ ፊደላችንና ሰዋስዋችን ከእኛ በቀር ማንም ሊመልሳቸው የማይችላቸውን ጥያቄዎች ያቀርቡለታል፤ ሥራውም ከትንሹ ማሽን ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ በሚፈጸም መንገድ ይያዛል።

እንግዲህ ጥሪዬ ይህ ነው። እናንተ ተማሪዎች፣ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ተሰባሰቡ፤ አንዱ ማሽኑን፣ አንዱ ሌክሰሩን፣ አንዱ ፓርሰሩን፣ አንዱ የስሕተት መልእክቶቹን ይያዝ፤ በየሳምንቱ ተገናኝታችሁ አንዱ የሠራውን ሌላው ይፈትን። እናንተ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ የሚጽፉትን የአማርኛ መልእክት እየሰማችሁ ቃሉ የቀና መሆኑን ንገሯቸው፤ አማርኛውን ከእነርሱ ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁና በዚህ ሥራ ድርሻችሁ ታላቅ ነው። በአገር ቤት ያሉ መምህራንን የምታውቁም፣ የኮምፓይለር ትምህርት በሚሰጥባቸው ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪዎች በፊደላችን የሚሠራ ትንሽ ቋንቋ ለፈተናቸው እንዲሠሩ አሳስቧቸው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ አሮጌ ኮምፒዩተርና ሥራን እስከ ፍጻሜው የመያዝ ልማድ ነው። ልማዱን ያገኘ ወጣት ነገ በሌሎች ለተሠሩ መሣሪያዎች ተገልጋይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ለሕዝቡ የሚሠራ፣ ከሌሎችም ጋር እኩል ተቀምጦ የሚመክር ባለሙያ ይሆናል።